ፕላን ከመፈረማችሁ በፊት፦ የምናውቃቸው የሚመስሉን የግንባታ ቃላት

እህቴ የምትኖረው አሜሪካ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለእናታችን አዲስ አበባ ላይ ጂ+1 ቤት ልታሠራ ተነሳች። ፕላን ለሚሠራው ባለሙያ በስልክ የነገረችው አጭር ነበር። «የእማዬ መኝታ ቤት ፈርስት ፍሎር ላይ ይሁን።» እሱም እሺ አለ። ፕላኑ በቴሌግራም ተላከልን። ሁላችንም አየነው፣ «ያምራል» አልን። ግንባታው ተጀመረ። ነገሩ የገባን ሶሌታው፣ የላይኛው ፎቅ የኮንክሪት ወለል፣ ተሞልቶ የላዩ ግድግዳ መቆም ሲጀምር ነው። እናታችን ጉልበቷን ያማታል። መኝታ ቤቷ ግን 18 ደረጃ ተወጥቶ ነው የሚገኘው።

ማንም አልዋሸም። አሜሪካ ውስጥ ፈርስት ፍሎር ማለት መሬት ላይ ያለው ወለል ነው። እንግሊዝ አገር ግን ከመሬት ወለሉ በላይ ያለውን ነው እንዲህ የሚሉት። እኛም አንደኛ ፎቅ ስንል እንደዚያው ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ቃል ተጠቀሙ፣ እያንዳንዳቸው የለመዱትን ሰሙ። በመጨረሻ ከሳሎኑ ጎን ያለችውን የንባብ ክፍል አስፍተን መኝታ ቤት አደረግናት። ግድግዳ ፈረሰ፣ ቧንቧ ተዛወረ፣ ገንዘብና ጊዜ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ዘመድም ጎረቤትም ፕላን ሲያሠራ አብሬ ቁጭ ብዬ አነባለሁ። በዚህ ሁሉ አንድ ነገር ተምሬአለሁ። የማናውቀው ቃል ብዙም አይጎዳንም፣ እንጠይቃለን። የሚጎዳን የምናውቀው የሚመስለን ቃል ነው። ትምህርት ቤት የተማርነው፣ ስልካችን ላይ በየቀኑ የምናየው ተራ የእንግሊዝኛ ቃል ፕላን ላይ ሲመጣ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለዚህ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ጥቂት ነው። በወረቀት የታተመ ሙሉ ፕላን፣ ቀይ እስክሪብቶ፣ ሜትር እና ሳትቸኩሉ የምትቀመጡበት አንድ ከሰዓት። ከተቻለም ሳይት ላይ የሚሠራ አንድ ሰው።

1. ሳይት ላይ የሚነገሩትን ቋንቋዎች ለዩ

የግንባታ ቦታ ላይ ሦስት ቋንቋ አለ። ወረቀቱ እንግሊዝኛ ነው። ሠራተኛው አፍ ላይ ያለው ብዙው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ሰው ደግሞ የሚያስበው በአማርኛ ነው። መጀመሪያ እነዚህን ማገናኘት ያስፈልጋል።

ወረቀቱ ስላብ ሲል ሠራተኛው ሶሌታ ይላል። ሪኢንፎርስመንት ባር የተባለው ፌሮ ነው። ፌሮውን ቆርጦ፣ አጥፎ የሚያስረው ባለሙያ ፌራዮ ይባላል። ስቲረፕ የሚለው ስታፋ ነው፤ የኮለኑን፣ የምሰሶውን፣ ቋሚ ፌሮዎች ዙሪያቸውን የሚይዘው አራት ማዕዘን ቀለበት ማለት ነው። ፌሮ የገባበት ኮንክሪት አርማታ ነው። ኤች ሲ ቢ ተብሎ የተጻፈው ውስጡ ክፍት የሆነው ብሎኬት ነው። ስከርቲንግ ደግሞ ግድግዳና ወለል የሚገናኙበት ላይ የሚለጠፈው ዞኮሎ ነው። እነዚህ የጣሊያንኛ ቃላት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበረው ወረራና ከዚያ በኋላ እዚሁ ከቀሩት ጣሊያናውያን ባለሙያዎች ጋር የተያያዙ ናቸው። ዛሬ የማንም ሳይሆኑ የእኛ ሆነዋል። ሳይት ላይ ሄዳችሁ ስላብ ከምትሉ ሶሌታ ብትሉ በፍጥነት ትግባባላችሁ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ኮርኒስ። እኛ ኮርኒስ ስንል ከራሳችን በላይ ያለውን፣ ጣሪያውን ከውስጥ የሚሸፍነውን ነው። የድሮ ሰፈር ያደገ ሰው አቡጀዲ ኮርኒስ ምን እንደሆነ ያውቃል። በጣሊያንኛም በእንግሊዝኛም ግን ቃሉ የሚያመለክተው ግድግዳው ጫፍ ላይ ወጣ ብሎ የሚሠራውን ጌጥ ነው። የእኛን ኮርኒስ እንግሊዝኛው ሲሊንግ ይለዋል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ኮርኒስ የሚል ካያችሁ ስለ ጌጡ ነው የሚያወራው። የሲሊንጉን ዋጋ ሌላ መስመር ላይ ፈልጉት።

ሳሎንም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝኛ ሳሎን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የጸጉር ቤት ነው፤ የእኛ ሳሎን ፕላን ላይ ሊቪንግ ሩም ተብሎ ይጻፋል። ቪላ እኛ ዘንድ ፎቅ የሌለው ለብቻው የቆመ ቤት ነው። ሌላ አገር ግን ትልቅና ቅንጡ መኖሪያን ያስታውሳል። ሰርቪስ የምንላቸውን ከዋናው ቤት ጀርባ ያሉ ክፍሎች ውጭ አገር ለኖረ አርክቴክት ማስረዳት ያስፈልጋል። ሰርቪስ ብቻ ካላችሁት ጥገና ወይም አገልግሎት ማለታችሁ ሊመስለው ይችላል።

የራሳችን ጥንታዊ ቃላትም አሉ፣ እነሱን መርሳት ያሳዝነኛል። እንግሊዝኛው ሊንቴል የሚለው፣ በበር ወይም በመስኮት ላይ የሚጋደመው፣ ጉበን ነው። ግራና ቀኙ መቃን ነው። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 12 ላይ ደሙን የቀቡት መቃኑንና ጉበኑን ነው። ይህን ለአንድ ወጣት መሐንዲስ ስነግረው አያቱ ሲሉት ይሰማ እንደነበር አስታወሰ። ሊንቴል የሚለው ቃል ለሚከብዳችሁ ሁሉ ጉበን ይበቃል።

ተራ ቃል ሙያ ቤት ገብቶ ሲለወጥ ደግሞ እንግሊዝኛ የመጀመሪያው አይደለም። ማንኪያ ለእኛ የወጥ ነው፤ ለግንበኛ ሲሚንቶ የሚያነሳበት መሣሪያ ነው። ወራጅ ታክሲ ውስጥ የሚወርድ ሰው ነው፤ ለአናጢ የጣሪያው ተዳፋት እንጨት ነው። አሸንዳ ለአንዱ የነሐሴ በዓል ነው፣ ለሌላው የዝናብ ውሃ መውረጃ። በራሳችን ቋንቋ ይህን ለምደነዋል። በእንግሊዝኛውም እንዲሁ እንደሚሆን ካሰባችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

2. ከስዕሉ በፊት ቁጥሩን ተመልከቱ

በእያንዳንዱ ገጽ ጥግ ላይ የተሠመረ ሳጥን አለ። የስዕሉ ስም፣ ቀን፣ የባለሙያው ስምና ስኬል እዚያ አለ። ስኬል በተለመደው ንግግር ሚዛን ነው። እዚህ ግን የስዕሉ መጠን ከእውነተኛው ቤት ጋር ያለው ዝምድና ነው። 1፡100 ካለ ወረቀቱ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር መሬት ላይ 1 ሜትር ነው። 1፡50 ካለ 2 ሳንቲ ሜትሩ ነው 1 ሜትር የሚሆነው።

ተጠንቀቁ። በትልቁ ኤ1 ወረቀት የተዘጋጀ ስዕል በቴሌግራም ተልኮ በኤ3 ሲታተም ርዝመቱ በግማሽ ይቀንሳል። 1፡100 የሚለው ጽሑፍ ግን እንዳለ ይቀራል። 4 ሜትር የሆነው ክፍል በማስመሪያ ስትለኩት 2 ሜትር ሊመስላችሁ ይችላል። ስለዚህ ማስመሪያ አታንሱ። የተጻፈውን ልኬት ብቻ እመኑ።

ቀጥላችሁ ወለሎቹን በጣታችሁ ቁጠሩ። ጂ የሚለው ግራውንድ ነው፣ ምድር ቤት። ጂ+1 ሁለት ወለል ያለው ቤት ነው። ብዙዎቹ የ20/80 ኮንዶሚኒየሞች ጂ+4 ናቸው፣ አምስት ወለል ማለት ነው። ምድር ቤት የሚለው ቃል ራሱ አንዳንዴ ያሳስታል፤ ከመሬት በታች ያለውን፣ ቤዝመንቱን፣ ምድር ቤት የሚሉ ሰዎች አሉ። ከውጭ አገር ዘመድ ጋር ስትነጋገሩማ ፈርስት፣ ሰከንድ የሚባለውን ተዉት። «ከመንገድ ገብተሽ ደረጃ ሳትወጪ የምታገኚው ወለል» በሉ። ረዥም ነው፣ ግን ማንም አይሳሳትበትም።

ከወለሉ አጠገብ +0.00፣ +3.06 የሚሉ ቁጥሮች ታያላችሁ። +0.00 ብዙ ጊዜ የምድር ቤቱ ያለቀለት ወለል ነው። +3.06 ያለው ወለል ከእሱ 3 ሜትር ከ6 ሳንቲ ከፍ ይላል ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያዙት፣ ደረጃው ላይ እንመለስበታለን።

3. ፕላን፣ ኤሌቬሽን፣ ሴክሽን

ፕላን በዕለት ንግግር ዕቅድ ነው። ከተማ ውስጥ ደግሞ ፈቃድም ይሆናል፤ «ፕላን ወጥቶለታል» እንላለን። ስዕሉ ላይ ግን ፕላን ማለት ቤቱን አግድም ቆርጣችሁ ከላይ ስታዩት ነው። ቢላዋው የሚያልፈው ከወለሉ 1 ሜትር ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ላይ ነው። በዚያ ከፍታ የተቆረጠው ግድግዳ ወፍሮ ይሳላል። ከቢላዋው በታች ያለው ቀጭን መስመር ነው። ከላይ ያለው ደግሞ በተቆራረጠ መስመር ይሳላል። የተቆራረጠ መስመር ካያችሁ ቀና በሉ፤ ብዙ ጊዜ ከራሳችሁ በላይ ያለ ነገር ነው።

ኤሌቬሽንን የምናውቀው ከጂኦግራፊ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ያለ ከፍታ። የፕላን ገጽ ላይ ኤሌቬሽን የቤቱ ፊት ነው፣ ከውጭ ቀጥ ብላችሁ ስታዩት የሚታየው። ሳውዝ ኤሌቬሽን ሲል ወደ ደቡብ የሚያየው ፊት ነው። ብዙ ሰው እሱ ራሱ ወደ ደቡብ ዞሮ ሲቆም የሚያየው ፊት ይመስለዋል፣ ተቃራኒው ነው። የመስኮቱን ፀሐይ የሚወስነው ይኼ ስለሆነ ቀላል ነገር አይደለም።

ሴክሽን ለተማሪ የክፍል ምድብ ነው። እዚህ ቤቱን እንደ ድፎ ዳቦ ከላይ እስከ ታች ቆርጣችሁ ውስጡን ስታዩ ነው። ፕላኑ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያልፍ፣ ጫፎቹ ላይ ኤ ኤ የተጻፈበት መስመር አለ። የተቆረጠው እዚያ ላይ ነው። የሴክሽኑ መስመር በደረጃው በኩል እንዲያልፍ ጠይቁ። ደረጃው ያልተቆረጠበት ሴክሽን ለባለቤቱ ብዙ አይነግርም።

4. የምታውቋቸው የሚመስሏችሁን ቃላት በቀይ አክብቡ

እዚህ ጊዜ ውሰዱ። ዋናው ሥራ ይኼ ነው።

ስኬጁል። የጊዜ ሰሌዳ አይደለም። ዶር ስኬጁል የበሮቹ ዝርዝር ሰንጠረዥ ነው። የትኛው በር ስንት ሳንቲ ይሰፋል፣ ከምን ይሠራል፣ ስንት ፍሬ ነው የሚለው እዚያ አለ። አንድ ጎረቤቴ «ዶር ስኬጁሉን ገና አላየሁም፣ በሮቹ የሚገጠሙበት ቀን ሲደርስ አየዋለሁ» ብሎኝ ያውቃል። ማየት ያለበት ከፊርማው በፊት ነበር። አልጋ፣ ፍሪጅ፣ ዊልቸር የሚያልፍበት ስፋት የሚወሰነው እዚያ ሰንጠረዥ ላይ ነው።

ቮይድ። ባንክ ቼክ ላይ የተሰረዘ ማለት ነው። ፕላን ላይ ወለል የሌለው፣ ከታች እስከ ላይ ክፍት የሆነ ቦታ ነው። ብዙ ጊዜ ኤክስ ምልክት ይደረግበታል። ሳሎኑ ላይ ትልቅ ቮይድ ካለ ላይኛው ፎቅ ላይ የጠበቃችሁት ክፍል የለም። ያምራል፣ ቤቱን ብርሃን ይሞላዋል። የታች ድምፅም እንዳለ ወደ ላይ ይወጣል።

ፍላይትና ላንዲንግ። ሁለቱንም የምናውቃቸው ከአውሮፕላን ነው። እዚህ ፍላይት ያለ ዕረፍት ተከታትሎ የሚወጣ የደረጃ ረድፍ ነው። ላንዲንግ መሃል ላይ የምታርፉበት ሰፋ ያለ ቦታ ነው። ራይዘር የአንዱ ደረጃ ቁመት ነው፣ ትሬድ እግር የሚያርፍበት ስፋት። አሁን +3.06ን አስታውሱ። ደረጃው 18 ራይዘር ካለው 306 ለ18 ሲካፈል 17 ሳንቲ ይመጣል። ለመኖሪያ ቤት ከ15 እስከ 18 ሳንቲ ጥሩ ነው። ሌላ የድሮ መፈተኛም አለ። የራይዘሩን እጥፍና ትሬዱን ደምሩ። ከ60 እስከ 64 ሳንቲ ከመጣ እግር ይስማማዋል። 17 ሲደመር 17 ሲደመር 29፣ 63 ነው። ሂሳቡ ካልመጣላችሁ ፕላን የሠራውን ሰው ጠይቁ። ሽማግሌ ያለበት ቤት ውስጥ 20 ሳንቲ ራይዘር ሲሳል ዝም አትበሉ። ቤታችሁ ያለውን ደረጃ በሜትር ለክታችሁ ብታነጻጽሩት ደግሞ ቁጥሩ ሕይወት ይዘራል።

ዌል። የውሃ ጉድጓድም አይደለም፣ ደህናም አይደለም። ስቴርዌል ደረጃው የሚገኝበት ጠቅላላ ክፍተት ነው። ላይትዌል ደግሞ ሕንፃ መሃል ላይ ለብርሃንና ለአየር የሚተው ክፍት ቦታ ነው። አፓርታማ የምትገዙ ሰዎች መኝታ ቤቱ መስኮት የሚከፈተው ወደ ላይትዌል ከሆነ በአካል ሄዳችሁ እዩት። የጎረቤት ወጥ ሽታም በዚያው በኩል ይመጣል።

ሴትባክ። በዜና ላይ እክል፣ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ሳይት ፕላን ላይ ሕንፃው ከወሰኑ ወይም ከመንገዱ መራቅ ያለበት ርቀት ነው። መሬቱ የእናንተ ነው፣ ግን እዚያ ላይ አትሠሩም። ራይት ኦፍ ዌይ የሚለውም ስለ ቅድሚያ መብት አይደለም የሚያወራው፤ ለመንገዱ የተያዘውን ጠቅላላ ስፋት ነው የሚነግራችሁ።

ፓርቲ ዎል። ድግስ የለበትም። ሁለት ባለቤቶች የሚጋሩት ግድግዳ ነው። ፓርቲ እዚህ እንደ ሕግ ቋንቋ ወገን ማለት ነው። ሚስማር ከመምታታችሁ በፊት ግድግዳው የማን እንደሆነ ማወቅ ጎረቤትነትን ይጠብቃል።

ግሬድ። ተማሪ ቤት ክፍል ወይም ውጤት ነው። ሳይት ላይ ሁለት ትርጉም አለው። ግሬድ ቢም ሲሉ መሬቱ ልክ ላይ፣ ከግድግዳው ሥር የሚያልፈው አግዳሚ አርማታ ነው። የኮንክሪት ግሬድ ሲሉ ግን ጥንካሬው ነው። ሲ-25 የሚለው ከፈሰሰ 28 ቀን ሲሞላው መድረስ ያለበትን ጥንካሬ ይናገራል።

ኪዩር። መፈወስ ነው የምናውቀው። ኪዩሪንግ ኮንክሪቱን ውሃ እያጠጡ ማቆየት ነው። ኮንክሪት የሚጠነክረው ሲሚንቶውና ውሃው አብረው ሲሠሩ ነው እንጂ ስለደረቀ አይደለም። ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል፣ ይደክማል። ቢያንስ 7 ቀን ይጠጣ። ይህን ለማየት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ጠዋት ሂዱና ሶሌታውን በእጃችሁ ንኩት፣ እርጥብ ነው ወይስ ደረቅ?

ሃኒኮምብ። የማር እንጀራ። መሐንዲሱ «ኮለኑ ሃኒኮምብ አለው» ካለ ማመስገኑ አይደለም። ኮንክሪቱ በደንብ ሳይጠቀጠቅ ቀርቶ ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኗል ማለት ነው። በልስን ከመሸፈኑ በፊት እንዴት እንደሚጠገን ጠይቁ።

5. አጥንቱን ከታች ወደ ላይ አንብቡ

የስትራክቸር ገጾች ያስፈራሉ። ግን ሐሳቡ ቀላል ነው። ክብደት ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ እናንተ ከታች ወደ ላይ አንብቡ። ፉቲንግ መሬት ውስጥ ያለው ሰፊ እግር ነው። ኮለን ቋሚው ነው፣ የጥንት ስሙ ምሰሶ ወይም ዓምድ። ቢም ኮለኖችን የሚያያይዘው አግዳሚ ነው። ሶሌታው በቢሞቹ ላይ ያርፋል። የቢም ነገር ሲነሳ ሁሌ ደብረ ዳሞ ትዝ ይለኛል። ከግድግዳው ወጣ ብለው የሚታዩት ክብ የእንጨት ጫፎች የዝንጀሮ ራስ ይባላሉ፤ የአክሱም ሐውልቶች ላይም ያው ቅርጽ በድንጋይ ተቀርጿል። እንጨቱ ቤቱን እንዴት እንደሚያስር ዓይናችሁ እያየ ይገባችኋል።

ኮለኑ አጠገብ የሚጻፈውን እንዲህ ፍቱት። መጀመሪያ የፌሮው ብዛት፣ ቀጥሎ ውፍረቱ በሚሊ ሜትር። ስድስት ባለ 14 ማለት 14 ሚሊ የሚወፍር ስድስት ፌሮ ነው። ስታፋው ላይ ሲ ሲ 15 ካለ ከአንዱ ስታፋ መሃል እስከ ሌላው መሃል 15 ሳንቲ ነው። ሙሌቱ ከመጀመሩ በፊት በሜትር ለኩት። ከሞላ በኋላ ማንም አያየውም።

ከቨር የሚል ቃልም አለ። ክዳን አይደለም። ፌሮው ከኮንክሪቱ ገጽ ምን ያህል ገባ ብሎ እንደሚቀመጥ ነው። ለቢምና ለኮለን ብዙ ጊዜ 2.5 ሳንቲ አካባቢ ይጻፋል፣ መሬት ውስጥ ለሚቀበረው ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ፌሮው ጣውላውን ተጠግቶ ከተሞላ እርጥበት ያገኘዋል፣ ይዝጋል፣ ኮንክሪቱን ይሰነጥቃል።

ዴድ ሎድና ላይቭ ሎድ ሙትና ሕያው ጭነት ናቸው። ሙቱ ቤቱ ራሱ ነው፣ ግድግዳው፣ ወለሉ፣ ጣሪያው። ሕያው የሚባለው የሚመጣና የሚሄደው ነው፣ ሰውና ዕቃ። ለመኖሪያ ወለል ሕያው ጭነት በተለምዶ በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ ተብሎ ይሰላል። አሁን ሶሌታ ላይ ልታስቀምጡት ያሰባችሁትን ሮቶ አስቡ። 2,000 ሊትር ውሃ 2,000 ኪሎ ነው። የሚያርፈው ደግሞ ጠባብ ቦታ ላይ ነው። ሮቶውን ቤቱ ካለቀ በኋላ አስባችሁ የምታስቀምጡት ነገር አይደለም። ስዕሉ ላይ ቦታው ምልክት ተደርጎበት፣ በስሌቱ ውስጥ ገብቶ መምጣት አለበት።

6. ጣሪያና ውሃ

እዚህ ሦስት ቃል ይበቃችኋል። ፓራፔት ከጣሪያው ከፍ ብሎ የሚወጣው አጭር ግድግዳ ነው። ጋተር አሸንዳ ነው። ፍላሺንግ የካሜራ ብልጭታ አይደለም፤ ጣሪያና ግድግዳ የሚገናኙበትን ስንጥቅ የሚሸፍነው የታጠፈ ላሜራ ነው። ቤት ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው እዚያ ላይ ነው። ፓራፔት ያለው ቤት ከሆነ ፍላሺንጉ እንዴት እንደሚገጠም ለብቻው በዝርዝር የተሳለ መኖሩን እዩ።

7. የውሉን ቃላት እንደ ገንዘብ ቁጠሩ

ፊኒሽ መጨረስ ይመስላል። በግንባታ ግን ፊኒሽ የሚታየው ገጽ ነው፣ ልስኑ፣ ቀለሙ፣ ሴራሚኩ፣ ሊሾው። ሴሚ ፊኒሽድ የተባለ ቤት ግማሹ አልቋል ማለት አይደለም። ምን ተሠርቶ ምን እንደቀረ ከሻጭ ሻጭ ይለያያል። አንዱ የውስጥ ልስንን ይጨምራል፣ ሌላው አይጨምርም። ስለዚህ በቃሉ አትስማሙ። ልስን፣ በር፣ መስኮት፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የቧንቧ መስመር፣ የባኞ ዕቃ እያላችሁ አንድ በአንድ ውሉ ላይ አስጽፉ።

ግሮስና ኔትን ከደመወዝ ታውቋቸዋላችሁ፣ ሐሳቡም ተመሳሳይ ነው። ኔት በር ዘግታችሁ የምትኖሩበት ስፋት ነው። ግሮስ ላይ ግድግዳው፣ ኮሪደሩ፣ ደረጃውና ሊፍቱ በድርሻ ሊደመሩ ይችላሉ። ማስታወቂያው 120 ካሬ ሲል «በሩን ከዘጋሁ በኋላ ስንት ካሬ ነው የምረግጠው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ውሰዱ።

ቢል ኦፍ ኳንቲቲ ውስጥ ያለው ቢል የሚከፈል ሒሳብ አይደለም። የሥራዎቹ ዝርዝር፣ መጠናቸውና ነጠላ ዋጋቸው ነው። እያንዳንዱን መስመር ከስዕሉ ጋር አስተያዩ። ዶር ስኬጁሉ 9 በር ብሎ ዝርዝሩ 7 ካለ የቀሩት ሁለት በሮች በኋላ በተጨማሪ ዋጋ ይመጣሉ።

ከውጭ አገር ሆናችሁ አፓርታማ የምትገዙ ደግሞ ሁለት ቃል ጨምሩ። ዱፕሌክስ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሁለት ቤተሰብ የሚኖርበት ተያያዥ ቤት ነው፣ አዲስ አበባ ሲሸጥላችሁ ግን በውስጥ ደረጃ የተገናኘ ባለ ሁለት ወለል አፓርታማ ሊሆን ይችላል። ኮንዶሚኒየም እኛ አፍ ላይ መንግሥት የሠራቸው ብሎኮች ናቸው። በሕግ ቋንቋ ግን የባለቤትነት ዓይነት ነው፣ ክፍሉ የግል ሆኖ ደረጃው፣ ጣሪያውና ግቢው የጋራ የሆነበት። አዋጅ ቁጥር 370/95ም የጋራ ሕንፃ ይለዋል። የጋራ ከሆነ ጣሪያው ሲያፈስ ወጪውም የጋራ ነው።

8. ከፎርማኑ ጋር ጮክ ብላችሁ አንብቡ

ይህን እርምጃ አትዝለሉት። ፎርማኑን ሻይ ጋብዙና ፕላኑን ዘርጉ። እናንተ አትናገሩ፣ እሱ ይንገራችሁ። «ጋሼ፣ ይኼን ገጽ ለእኔ በራስዎ አነጋገር ያስረዱኝ» በሉ። በጣታቸው እየጠቆሙ ሶሌታው እዚህ ያልቃል፣ ይኼኛው ክፍት ነው፣ ደረጃው በዚህ ይዞራል ይላሉ። የእሳቸው ቃልና የእናንተ ቃል የማይገጥምበት ቦታ ላይ ቀይ ምልክት አድርጉ። በእኛ ቤት ይህን ብናደርግ ኖሮ የእናታችን ክፍል ነገር በአምስት ደቂቃ ይገለጥ ነበር። ፎርማኑ «እናትየው ፎቅ ላይ ነው የሚተኙት?» ብለው ይጠይቁ ነበር።

ከዚያ ቀይ ምልክቶቹን ይዛችሁ ፕላን ወደ ሠራው ባለሙያ ሂዱ። ተስማምታችሁ የተቀየረውን ሁሉ ወረቀቱ ላይ በአማርኛ አጠገቡ ጻፉበት፤ «ክፍት ቦታ፣ ወለል የለውም»፣ «የእማዬ መኝታ፣ ደረጃ የለውም» እያላችሁ። ቀን ጻፉ፣ ሁለታችሁም ፈርሙ። አዲስ ስዕል ሲወጣ አሮጌውን ከሳይት በእጃችሁ አንሱት፣ ግድግዳው ላይ በሚስማር ተሰቅሎ የቀረ እንዳለም ፈትሹ። ፌራዮው ጠዋት ሲገባ የሚያነበው ፊት ለፊቱ ያገኘውን ነው።